አራት ነጥብ

ጌንት ነው፣ ከቦዩ ዳር፣ ከብስክሌት ጥገናው በላይ፣
ሁለት ሞኒተር፣ አንድ መስኮት፣ ካፊያ የማይሰለቸው ሰማይ፤
ሥራዬ ያረጀ ጌም ማደስ፣
በጠባብ መስታወት የኖረውን
ለዛሬው ሰፊ ስክሪን ማድረስ፤

አለቃዬ ሊቨን ነው፤ "አጥራው" ይለኛል፣ "ጥርት ይበል፣
ገዢው ዓይኑን አስጠግቶ ሲያይ ጠርዙ እንደ ምላጭ ይሳል"
እሺ እላለሁ፤
ሦስት መቶ ሃያ በሁለት መቶ፣ ዓለሙ በሙሉ ይኸው ነው፤
ባሕሩም፣ ወደቡም፣ ሌሊቱም
በዚህች መሐረብ ላይ ነው የተጠለፈው፤

መጀመሪያ ጨረቃዋ አስቸገረችኝ፤
የድሮው ነጥብ ቁመተ ረጅም፣ የዛሬው ነጥብ እኩል ጎን፤
ስትሻገር ተጨፈለቀች፣ የተቀመጡበት ኳስ ሆና፣
ሽቅብ ስቤ፣ ስቤ፣ ክብነቷን መለስኩላትና
ወደ ጉሙ አለፍኩ፤

ጉሙ ግን ጉም አልነበረም፤
አንድ ግራጫ፣ አንድ ሰማያዊ፣ አንድ ግራጫ፣ አንድ ሰማያዊ፣
የተወጠረ ወንፊት፤
ቀዛፊዋ ሴት ከኋላው ቆማለች እንደ እስረኛ፣
ካሏት አሥራ ስድስት ቀለማት ሰባቱን ብቻ ለብሳ፣
መቅዘፊያዋን ተደግፋ፣ ተሳፋሪዋን ረስታ፤

ማሽኑን ለቀቅኩበት፣ የሚገምተውን፣ የሚሞላውን፣
ወንፊቱን አየና "አጥር ነው" አለ፣ ሽቦ በሽቦ አደረገው፤
ደገምኩት፣ "ግንብ ነው" አለኝ፤
በሦስተኛው ፊቷን አጠበልኝ፣
ጉንጯ ላይ የነበሩትን አራት ነጥቦች
እድፍ መስሎት ጠረገልኝ፤
ሴትዮዋ አበራች፣ አማረች፣
የሳሙና ማስታወቂያ ላይ እንዳለች፤
የሆነ ነገር ጎደለ፤

ሠዓሊዋ ጎደሊቭ ትባላለች፤
ስሟን ልጠራ ስል ሁልጊዜ "ጎደለ" ይላል አፌ፣
ይህን ለሷ አልነገርኳትም፤ ትራም ተሳፈርኩና
ላፕቶፔን እንደታመመ ሕፃን ታቅፌ
በሯን አንኳኳሁ፤

ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ሥራዬን በመነጽር አየችው፣
መነጽሯን አውልቃ ደግማ አየችው፣
"እንዲህ ይሻላል" አለች፤
ወደ ምድር ቤት ወረደች፤ "ና፣ አግዘኝ፣ ወገቤ እምቢ አለኝ"
ሆዱ ያበጠ፣ ጀርባው የጎበጠ ቴሌቪዥን አሸከመችኝ፤
ሰካነው፤ ጧ አለ፣ እዝዝ አለ፣ የክንዴ ጸጉር ቆመ፣
የሞቀ አቧራ ሸተተኝ፤
ከዚያ፣ ቀስ እያለ፣
ግራጫው ወደ ሰማያዊው ፈሰሰ፣ ሰማያዊውም አልተከላከለ፣
እኔም ማሽኑም ያልሠራነው ሦስተኛ ቀለም ተወለደ፣
ጉም!
ወንዙን ይዞ ሳሎኗ ገባ፤

"እኔ ግማሹን ነው የሣልኩት" አለች፣ "ግማሹ የመስታወቱ ነው፤
ዓይነ ደካማ መሆኑን አውቅ ነበር፣
ብሩሼን የነከርኩት ድካሙ ውስጥ ነው"

አራቱንስ? አልኳት፤ ጉንጯ ላይ ያሉትን? እንባ ናቸው?
እስክታስላት ሳቀች፤
"ድመቴ ናት! የርክክቡ ሌሊት አይጡን ረገጠችው፣
የኮምፒውተሩን አይጥ፤ ሳላየው ዲስኬቱ ተባዛ፤
ደብዳቤ ይመጣልኝ ጀመር፣ ከግዳንስክ፣ ከፖርቶ፤
አንዲት መበለት 'ለማን እንደምታለቅስ አውቃለሁ' ብላ ጻፈችልኝ፤
ምን ልበላት? ድመት ነው ልበላት?
ተውኩት፤
እንባ ሆነ"

ማታ ስመለስ የትራሙ መስኮት ላይ ውሃ ይወርድ ነበር፣
ቀዩ መብራት ከቢጫው፣ ቢጫው ከቦዩ ሲማከር፣
ከተማው በሙሉ ብዥ ያለ፣ ከተማው በሙሉ የተዋሐደ፤

ሊቨን "ለብዥታ የሚከፍል የለም" አለ፤ ሳምንት ተጨቃጨቅን፣
ከዝርዝሩ ግርጌ፣ ማንም የማይደርስባት አንዲት ቁልፍ ፈቀደልኝ፣
"አሮጌ መስታወት" ብዬ ጻፍኩባት፤

ጉንጩን ግን ለማንም ምርጫ አልተውኩም፤
በጠራውም፣ በደበዘዘውም አሉ፣
ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች፣
ሳይለሰልሱ፣ ሳይታጠቡ፤
በኔ ፊደል እንዲህ የቆሙ ነጥቦች
"አለቀ" ማለት ናቸው፣
እሷ ግን ትቀዝፋለች።